የኩልሱም እሺታ

ኑ፣ ግቡ ልጆቼ። ጃኬታችሁን እዚያ ወንበር ላይ ጣል አድርጉና ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የማወራችሁ ከዚሁ ከጄኔቭ፣ ከሰርቬት ሰፈር፣ ከዚችው ከቤቴ ስለተነሣ ፍቅር ነው። ባቡር ለመያዝ የቸኮለ ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ እኔ እንደሆንኩ ነገር ማሳጠር አልችልበትም።

ጊዜው በፈረንጅ ዘጠና ስድስት ነው። ከሆቴል ልብስ አጣቢነት ጡረታ ወጥቼ አንዱ ክፍሌ ባዶውን ይውል ነበርና ተከራይ ስፈልግ አንድ ልጅ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ዐብዱ ነኝ። ክፍል ያለሽ አንቺ ነሽ?»

አንቺ! እናቱ የምሆነውን ሴትዮ! ስልኩን ልዘጋበት አስቤ ነበር፤ ድምፁ ግን የጨዋ ልጅ ድምፅ ሆነብኝና ና አልኩት። በተናገረው ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ በሬ ላይ ቆመ። ከፍቼ ባየው የወሎ ልጅ! ያ አንገት፣ ያ ጥርስ። በደስታ እየተጣደፍኩ ሳወራለት ግራ ገብቶት ቆየና፣

«ቀስ በይ… ቀስ ይበሉ… ይቅርታ፣ አማርኛ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ እናት አባቱን ያጣ ሕፃን ነበር። ደሴ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ማርግሪት የምትባል ስዊሳዊት ነርስ ይዛው ዙሪክ ገባች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ብቻዋን አሳደገችው። ስሙን ግን አልቀየረችም፤ «ስም የሰጡት ወላጆቹ ናቸው» ብላ። አድጎ የአሳንሰር መካኒክ ሆነ። አማርኛውን የለቀመው ላንግሽትራሰ ከሚባለው የዙሪክ ጎዳና ካለ የአበሻ ሸቀጥ ሱቅ ነው፤ በርበሬ ሲገዛ አንድ ቃል፣ ሽሮ ሲገዛ አንድ ቃል። ያን ዓመት መሥሪያ ቤቱ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር አዲስ ሕንፃ ላይ እንዲሠራ ወደ ጄኔቭ ልኮት ነው እኔ ቤት የገባው።

ፊቱ የእኛ ነው፣ ጠባዩ ግን የእነሱ። ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ለምሳ የጠራው ሰው ካለ ልክ በሰባት ይደርሳል፤ ባለቤቲቱ ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ ግማሹን ሳትሠራ በር ትከፍትለታለች። ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለ በሩን አንኳኩቶ «መግባት ይቻላል?» ይለኛል፤ ኪራይ እየከፈለበት! አንድ ቀን ደግሞ ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ መጥቶ ወንበር ሳበልኝና፣ ከፋርማሲ የገዛውን የሚነፋ መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልዎት?»

«ለምኔ?»

«ለትንፋሽዎ።»

ደረጃ ስወጣ አይቶኝ አዝኖልኝ ነው ብዬ ስቄ መረቅሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ኩልሱም ደግሞ የደሴ ጎረቤቴ ልጅ ናት። ከአንድ አረብ ዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር መጥታ ግራንድ ሳኮኔ መኖሪያቸው ውስጥ ልጆቻቸውን ታሳድግ ነበር። አጎቷ መሐመድሰዒድም እዚያው አካባቢ የኤምባሲ ሹፌር ነው። የእረፍት ቀኗ እሑድ ነበርና በአውቶቡስ እየመጣች እኔ ዘንድ ትውላለች። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም፤ ስለዚህ የሷ ድስት ለብቻው፣ ሥጋዋም ከእስላም ሥጋ ቤት። እናቷና እኔ ደሴ ላይ እንዲሁ ነበርን።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኩሽናዬ ውስጥ ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ አቀርቅረው አገኘኋቸው። ኩልሱም ሳቁ አላስቀምጣት ብሏል።

«እትዬ ሕብስት፣ ይህ ሰውዬ ምሳዬን ጨረሰው እኮ!»

«እንብላ አለችኝ» አለ ዐብዱ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ።

«እንብላ አልኩህ እንጂ ብላ አልኩህ?»

«እንብላ ማለት… ሁለታችን ማለት አይደለም?»

እኛ ብንሆን «ብሉ፣ ይባረክ» ብለን እናልፋለን። እሱ ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኩልሱም ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። እሱ ያያታል። ወጡ ጣቶቹ ላይ ደረቀ፣ እሱ ግን ያያታል። እኔ ዕቃ የማነሣ መስዬ ወጣሁላቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድን ለብቻዬ አላገኘሁትም። ከአውቶቡስ ሲቀበላት፣ ሐይቁ ዳር ሲሄዱ፣ ደረጃው ላይ ቆመው ሲሟገቱ። ከአፏ ብዙ ቃል አይወጣም፤ ስትስማማ እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች። እሱ ከዓይኗ ዓይኑን ስለማይነቅል ከፊቷ ላይ ያነባታል።

አንድ ጊዜ እናቱን ልታይ ዙሪክ ይዟት ሄደ። ማርግሪት ለእንግዳዋ የፖም ኬክ ጋግራ ጠበቀች። «ትበያለሽ?» ስትላት ኩልሱም አንገቷን ደፍታ «አይ፣ ይቅርብኝ» አለች። ማርግሪትም ፈገግ ብላ ሳህኑን መልሳ ወሰደችው። በቃ! ሁለተኛ የለ፣ «ትንሽ ብቻ» የለ፣ መማጸን የለ።

ባቡሩ ገና ከዙሪክ እንደወጣ ኩልሱም ከቦርሳዋ ደረቅ ዳቦ አውጥታ ትገምጠው ጀመር።

«ርቦሽ ነበር እንዴ?» አላት።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን እምቢ አልሽ?»

«አንድ ጊዜ ነው እኮ እምቢ ያልኩት!»

«እኛ ጋ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።»

«እኛ ጋ እምቢ ገና መጀመሪያው ነው!»

እየተሳሳቁ ነገሩኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የዐብዱ ሥራ ካሰብነው ቀድሞ አለቀና ወደ ዙሪክ ጠሩት። የሥራ ዕቃውን ሣጥን ክፍሉ ውስጥ ትቶ፣ ቁልፌንም ይዞ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እሑድ እሑድ በኔ ስልክ ይደውልላታል። በዚያው ሰሞን የኩልሱም አሠሪ ወደ ኩዌት ተዛወረ። የመኖሪያ ካርዷ በሱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ምርጫዋ ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ አብራቸው ኩዌት፣ ወይ ደሴ። ይህንኑ በስልክ ስትነግረው እኔ ኩሽና ነበርኩ።

ቆየት ብሎ ከኮሪደሩ ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ ሰማሁ። ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ዕንቁላል አስቀምጣ መጣችና ትከሻዬ ላይ ወደቀች።

«እትዬ… ታገቢኛለሽ ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ገባኝ አለ። ከዚያ ዘጋው።»

«ገባኝ? ሌላ ቃል አጣ?»

«የሱ አማርኛ እንዲያ ነው፣ እትዬ። ሽማግሌ ይልካል አሁን።»

እኔም ለመሐመድሰዒድ ጠቆም አደረግሁት። «እሑድ ከቤት አትውጣ» አልኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ነገሩ ገብቶታል። እሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ቤቱን አስጠርጎ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም እሑድ ኮቱን ለበሰ። አልመጡም። በሦስተኛው «ሕብስት፣ በዚህ ዕድሜዬ መቀለጃ አደረጋችሁኝ?» ብሎ ስልክ ዘጋብኝ።

ኩልሱም እንኳ ልትቀመጥ፣ መቆምም አልሆነላት። ከመስኮት ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ መስኮት። ባቡር ጣቢያው በኩል የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሲመጣ ትነሣለች። ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች።

«ይሠራል እኮ» ትለኛለች።

«ይሠራል ልጄ።»

«ታሞ ይሆን?»

«ልደውልለት?»

«እትዬ! ከደወሉ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም። ሴት ልጅ እሺ ብላ ሽማግሌዎችህስ የት ቀሩ ትላለች? ከምሞት አልሻልም?»

አሠሪዎቿ ቤት ካርቶን መታሸግ ጀመረ። ትመጣለች፣ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሳይመሽ ትሄዳለች። ፊቷ ከሳ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ዐብዱ ነው። ቁልፉን በእጁ ይዟል፣ ከስቷል።

«ሣጥኔን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ሽማግሌዎችህስ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ልጅቷን የሚጠይቁልህ ነዋ! በመስኮት እያየች አለቀች እኮ!»

ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። «እምቢ አለችኝ እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን?»

«ኩልሱም። ታገቢኛለሽ ስላት ደነገጠች። እንዲህ አለች…» ብሎ ትንፋሹን በአፉ ወደ ውስጥ ሳበ። «ከዚያ ዝም። ገባኝ አልኩና ዘጋሁ።»

ወንበሬን ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ አዎ አለችህ እኮ!»

«ምንም አላለችም።»

«እሱ ነው አዎ! እኔስ ስትጠይቀኝ ምን እልሃለሁ?» ብዬ እኔም ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

ዓይኑ ፈጠጠ። «እርስዎ አስም አይደለም?»

መድኃኒቱ ትዝ አለኝ። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም።

«ለምንስ ደግመህ አልጠየቅሃትም? የኬኩን ነገር ረሳኸው?»

«ኬክ ሌላ ነው፣ እትዬ። እምቢ ያለችን ሴት ደግሞ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው። እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። አገር ልትለቅ ነው፣ ጨንቋታል፤ በጭንቋ ልጠቀም? በየቀኑ ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።»

«በል ተነሣ። አሠሪዎቿ ሰኞ ይዘዋት ወደ ኩዌት ይበራሉ። ሂድና ራስህ ንገራት።»

ያን ዕለት የሆነውን ኩልሱም ናት የነገረችኝ። በአሠሪዋ ቤት የጓሮ በር መጥቶ ደወለ። የልጆቹን ልብስ እያጠፈች ነበርና ሹራብ በእጇ እንደያዘች ከፈተች።

«ሣጥንህን ረስተህ ነው?» አለችው።

«እሺ ብለሽኝ ነበር?»

«አሁን ትጠይቀኛለህ?»

«አልሰማሁም ኩልሱም። የሰማሁት ድንጋጤ ነው። ፊትሽ አልነበረም፤ ስልክ ፊት የለውም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሹራቡን ወረወረችበት።

«እኔ ከአንጀቴ አውጥቼ የመለስኩልህን! ደግመህ ብትጠይቅ ምን ትሆናለህ?»

«አንድ ጊዜ እምቢ የተባለ ወንድ ደግሞ ከጠየቀ ነውር ነው፤ እናቴ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ። አንቺስ ለምን አልደወልሽም?»

«አንድ ጊዜ እሺ ያለች ሴት ካስታወሰች ነውር ነው፤ የኔም እናት እንዲያ ነው ያስተማረችኝ!»

ሹራቡን ከመሬት አንሥቶ፣ አራግፎ፣ እንደሷ አድርጎ አጠፈው። እያለቀሰች ነበር።

«ስማኝ» አለችው። «አጎቴ ተቀይሟል። መጀመሪያ ሂዱ ይላችኋል። ወግም ነው፣ ቅያሜም ነው። ሰኞ ግን እሄዳለሁ። ሌላ ቀን የለንም።»

ቅዳሜ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። እኔና አቶ ሀብተሥላሴ፣ የደብራችን ጡረተኛ፣ ነገር አዋቂ። ዘመድ ያስፈልጋልና ማርግሪት ከዙሪክ በጠዋት ባቡር መጣች፤ ግራጫ ካፖርት፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ። ሙሽራ ሽማግሌ ላይ አይገኝም ነበር፤ ለእናቱ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ስለጠፋ ግን ዐብዱም ገባ። ኩልሱም ኩሽና ውስጥ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል።

አቶ ሀብተሥላሴ ነገሩን አሳምረው አቀረቡ። ልጁ ከወሎ ሙስሊም ቤተሰብ መወለዱን፣ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ መሄድ መጀመሩን፣ ሥራውን ሁሉ ተናገሩ። መሐመድሰዒድ ያን ኮቱን ለብሶ፣ ወደ መስኮቱ እያየ ሰማ።

«ለመሆኑ የልጁ ዘመድ ማነው?»

ዐብዱ ለእናቱ ነገራት። ማርግሪት ቀና ብላ «እኔ ነኝ» አለች።

«መልካም» አለ መሐመድሰዒድ። «እናስብበታለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ወጉ እንዲያ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ የምትሰጥ ልጅ የረከሰች ትመስላለች። አቶ ሀብተሥላሴ ኮፍያቸውን አነሡ። እኔም እግሬ በልማድ ተነሣ። ማርግሪትም የተነገረው ከፊታችን ገብቷት ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

ዐብዱ ብቻ አልተነሣም። ለእናቱ በጀርመንኛ አንድ ነገር አላት። ፊቷ ቀላ። ዝቅ ባለ ድምፅ ጥያቄ ጠየቀችው፣ እሱም አጭር መልስ መለሰላት። ያን ጊዜ ያቺ ሴት የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አውልቃ ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ተቀመጠች።

«ሌላ ቀን ተብሏል!» አለ መሐመድሰዒድ።

«ሌላ ቀን የለም፣ ጋሼ። ሰኞ ትሄዳለች። ደግሜ እጠይቅሃለሁ…» ዐብዱ ላብ አጠመቀው። «እጠይቅዎታለሁ። እምቢ ካሉኝም ደግሜ እጠይቃለሁ። እኔ ደግሞ መጠየቅ አላውቅም ነበር። አሁን ተማርኩ።»

«አሁን ተማርክ? ስንት እሑድ ይህን ኮት ለብሼ እንደጠበቅሁህ ታውቃለህ?»

«አላወቅሁም።»

«ጎረቤት እንኳ ሰርግ አለህ ወይ አለኝ! የእህቴን ልጅ ሜዳ ላይ ጥለህ፣ እኔን በር በር አሳይተህ!»

«በድያለሁ፣ ጋሼ። ንቄ ግን አይደለም። ይስደቡኝ፣ ይቆጡኝ። ከዚህ ግን አልነሣም።»

መሐመድሰዒድ መልስ ሊሰጠው ዞር ሲል ዓይኑ ማርግሪት ላይ አረፈ። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አንዲት ቃል አልገባትም። እጆቿ ካፖርቱን አንቀው ይዘዋል። ብዙ አያት። እኛን አየን፣ ቆመናል። መልሶ እሷን አየ።

«እናንተ የአገሬ ሰዎች ተነሥታችሁ፣ እኚህ ፈረንጅ ተቀመጡ?» አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «የኛን ወግ ማን አስተማራቸው?»

ኮቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ወደ ኩሽናው በር ሄዶ «ኩልሱም፣ ውጪና አማትሽን ሳሚ» አለ።

ኒካሁ እሑድ ታሰረ። ሰኞ አውሮፕላኑ ያለሷ ተነሣ፤ የመኖሪያ ካርዷም ኋላ በባሏ በኩል ተስተካከለ። እሷም ከባሏ ጋር ዙሪክ ገባች፤ ዛሬ ልጆቻቸው ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ ይጨቀጭቋታል።

ከዓመታት በኋላ ማርግሪትን በዐብዱ አስተርጓሚነት ያን ቀን ምን እንዳላት ጠየቅኋት። «ሂዱ ተባልን አለኝ። ታዲያ ለምን እንቀመጣለን ብዬ ጠየቅሁት። ስለምወዳት አለኝ» አለችኝ። የኛ ሽማግሌ መጀመሪያ እንደሚመለስ፣ መቀመጥም ልመና መሆኑን የነገራት ማንም አልነበረም። ሰው ቤት ውጪ ተብላ አልወጣም ያለች፣ የተዋረደች ሴት መስሏት ነው ያን ሁሉ ጊዜ የተቀመጠችው። «በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም» አለች። ከዚያ የልጅ ልጇን ፀጉር ዳበሰች።

ማርግሪት ካረፈች ቆየች። መቃብሯ ዙሪክ ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ድንጋዩ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሚነበበው። እናንተ ልጆቼ፣ ዙሪክ የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ባትሄዱም ግድ የለም፤ ስለ ፍቅር ስታወሩ አንዳንዴ እሷንም አስታውሱልኝ።